በውጭ የሚተከሉ የጥበቃ ካሜራዎች በዕድሜ ብዛት ስለሚደክሙበት ምክንያት

ቃሊቲ ከጅቡቲ ወደብ ተጭኖ ለሚመጣው ዕቃ የዋና ከተማው በር ነው። እ.ኤ.አ. በ2014 የተከፈተው የአዲስ አበባ–አዳማ ፈጣን መንገድም መነሻው በዚሁ በአቃቂ በኩል ቱሉ ዲምቱ ላይ ነው። ዕቃ በሚከማችበት ሥፍራ ሁሉ ጥበቃ የማይቀር በመሆኑ፣ ከዘበኛው ጋራ ካሜራ በግድግዳና በምሰሶ ላይ መትከል የተለመደ ሆኗል። የኤሌክትሪክ መሥመር ለማይደርስበት የግቢ ጥግ ደግሞ በባትሪ የሚሠራው፣ ለዱር አራዊት መከታተያ የተዘጋጀው ካሜራ ያገለግላል።

የዚህ ዓይነቱ ካሜራ ጥቅም በአገራችን ተፈትኖ ታይቷል። ከሱዳን ድንበር አጠገብ በሚገኘው በአላጥሽ ብሔራዊ ፓርክ አንበሶች መኖራቸው እ.ኤ.አ. በ2016 መጀመሪያ ላይ ለዓለም የተነገረው፣ በዚያ የተተከሉት ካሜራዎች ባነሡት ሥዕልና በተገኘው የእግር ዱካ ማስረጃነት ነው። ይሁን እንጂ ተመራማሪው ሥራው ሲያልቅ ካሜራውን ነቅሎ ይመረምረዋል፤ ነጋዴው ግን አንድ ጊዜ ከሰቀለው በኋላ ለዓመታት ሳይነካው ይቀራል። ችግሩ የሚጀምረው ከዚህ ላይ ነው።

ካሜራ እንደ አምፑል በአንድ ቀን አይቃጠልም፤ ቀስ በቀስ ይደክማል እንጂ። ምልክቱ መብራቱን፣ ሥዕሉም መመዝገቡን ስለሚቀጥል፣ ባለንብረቱ ንብረቱ የተጠበቀ ይመስለዋል። ጉድለቱ የሚገለጸው ዕቃ ጠፍቶ የሌሊቱ ሥዕል በተፈለገ ጊዜ ነው።

የመጀመሪያው ምክንያት ፀሐይ ነው። ቃሊቲ ከባሕር ጠለል ከ2,000 ሜትር በላይ ከፍ ይላል። አልትራቫዮሌት የተባለው የፀሐይ ጨረር በየ1,000 ሜትሩ ከፍታ በ10 በመቶ ያህል ስለሚበረታ፣ የካሜራው ፕላስቲክ ሽፋን ከቆላው አገር ፈጥኖ ቢጫ ይሆናል፤ ይደበዝዛልም። የሰውን ሰውነት ሙቀት ተቀብሎ እንቅስቃሴን የሚያውቀው ክፍልም የሚሠራው በስስ የፕላስቲክ ሌንስ በኩል ነው። ይህ ሌንስ በፀሐይ ደርቆ ሲጠቁር ወይም ሲሰነጠቅ፣ ቀድሞ በሩቅ ያውቀው የነበረውን ሰው በጣም ካልቀረበ አያውቀውም።

ሁለተኛው አቧራና ዝናም ነው። በበጋ ከጭነት መኪናዎች መንገድ የሚነሣው አቧራ መስተዋቱን ይጋርዳል፤ የሸረሪት ድር ደግሞ የሌሊቱን ብርሃን ወደ ሌንሱ መልሶ ሥዕሉን ነጭ ያደርገዋል። የቀኑ ሙቀትና የሌሊቱ ብርድ እየተፈራረቁ የጎማውን ማሸጊያ ስለሚያደርቁት፣ ክረምት በገባ ጊዜ እርጥበት ወደ ውስጥ ይሰርጋል። በሳጥኑ ላይ «አይ.ፒ. 66» የሚለው ምልክት ካሜራው አቧራና ብርቱ የውሃ ፍንጥቅታ እንደማያስገባ ይመሰክራል፤ ነገር ግን ምስክርነቱ የተሰጠው ዕቃው አዲስ ሳለ ተፈትኖ መሆኑ መዘንጋት የለበትም።

ሦስተኛው የሌሊቱ ብርሃን መድከም ነው። በጨለማ የሚያሳዩት ኢንፍራሬድ የተባሉ ትናንሽ አምፑሎች ሌሊቱን ሙሉ የሚበሩ ከሆነ፣ በዓመት ከ4,300 ሰዓት በላይ ይሠራሉ፤ ኃይላቸውም በየጊዜው ይቀንሳል። እንቅስቃሴ ሲኖር ብቻ የሚበሩት ግን በዚህ ረገድ ይሻላሉ። ብርሃኑ በግማሽ ሲቀንስ 20 ሜትር ያሳይ የነበረው ካሜራ ወደ 14 ሜትር ይወርዳል፤ ይህም ማለት በግቢው ላይ ማንም ያላስተዋለው 6 ሜትር ጨለማ ተጨመረ ማለት ነው።

አራተኛው ባትሪውና ሥዕል የሚከማችበት ሚሞሪ ካርድ ነው። የሊቲየም ባትሪ ከ300 እስከ 500 ጊዜ ሙሉ በሙሉ ተሞልቶ ከተራገፈ በኋላ፣ አብዛኛውን ጊዜ የሚይዘው የመጀመሪያውን ኃይል 80 በመቶ ገደማ ብቻ ነው። ካርዱም የሚጻፍበት ጊዜ የተወሰነ ነው፤ ሲያረጅ ሥዕሉን የተቀበለ መስሎ ሳያስቀምጥ ሊቀር ይችላል።

እንግዲህ አስመጪው ለአምራቹ ሲጽፍ ዋጋና የሥዕል ጥራት ብቻ መጠየቁ አይበቃውም። ፕላስቲኩ ፀሐይን እንዲቋቋም የተዘጋጀ መሆኑን፣ ማሸጊያው ጎማና ባትሪው በመለዋወጫነት መገኘታቸውን፣ ዋስትናውም በውጭ የተሰቀለውን ዕቃ የሚጨምር መሆኑን በጽሑፍ ማረጋገጥ ይገባዋል። ባትሪ በሳጥኑ ውስጥ ሳለም ስለሚያረጅ፣ ባለሱቁ ቀድሞ የገባውን አስቀድሞ ይሽጥ፤ ከቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ከሚገኝ ሙቀትም ያርቀው።

ባለመጋዘኑ ደግሞ ካሜራው በተተከለበት ዕለት ሰው በ5፣ በ10 እና በ15 ሜትር ርቀት አቁሞ፣ በቀንና በሌሊት ሥዕል ያስነሣ፤ ቀኑንም ጽፎ በመዝገብ ያኑረው። በየዓመቱ ክረምት ሳይገባ በግንቦት፣ ክረምትም ከወጣ በኋላ በጥቅምት ይህንኑ ደግሞ ከመጀመሪያው ሥዕል ጋራ ያስተያየው። መስተዋቱን በለስላሳ ጨርቅ ማስጠረግ፣ እርጥበት መጣጩን ከረጢት መለወጥና ካርዱን በጊዜው መተካት የሚጠይቀው ወጪ ጥቂት ነው። ይህ ሁሉ ተደርጎ የሌሊቱ ሥዕል የሰውን መልክ ለይቶ ካላሳየ፣ ካሜራው ገና እየሠራ ቢታይም ለጥበቃ ያለው አገልግሎት እንዳበቃ ቈጥሮ በአዲስ መተካት ይገባል።