ለብስክሌት የሚሆን መፍቻ ስንገዛ

እንደ ባሕር ዳርና እንደ ሐዋሳ ባሉት ሜዳማ ከተሞቻችን ብስክሌት የቤተሰብ ዕቃ ከሆነ ብዙ ዘመን አልፎታል። አባት ወደ ሥራ ይሄድበታል፤ ልጅ ወደ ትምህርት ቤት ይገሠግሥበታል፤ እናትም ከገበያ ስትመለስ ዘንቢሏን ታንጠለጥልበታለች። በአዲስ አበባም ዳገቱ ቢያስቸግርም በቅርብ ዓመታት በአንዳንድ ጎዳናዎች ዳር ለብስክሌት የተለየ መሥመር ተሠርቷል። ይሁንና ብስክሌቱ በገባበት ቤት ሁሉ መፍቻው አብሮ አይገባም። በብዙ ቤት ያለው አንድ ያረጀ ፒንሳና አንድ ካቻቢቴ ብቻ ነው። መሪው ላላ ሲል ወይም ኮርቻው ሲሽከረከር መንገድ ዳር ወደሚሠራው ጠጋኝ ይኬዳል፤ ጠጋኙ በማይገኝበት በእሑድ ጧት ደግሞ ልጁ እንደ ላላ ይዞት ይወጣል።

አደጋው ያለው እዚህ ላይ ነው። የዛሬው ብስክሌት መሪ ከአንገቱ ጋር የሚያያዘው በጥቂት ትናንሽ ብሎኖች ነው። እነዚህ ብሎኖች በሚገባ ካልጠበቁ ልጁ መሪውን ወደ ግራ ሲያዞር ጎማው ቀጥ ብሎ ሊሄድ ይችላል። የፊት ፍሬኑን የሚይዘው ብሎንም እንዲሁ ነው። ብሎኑ ላልቶ ብቻ ቢሆን በግማሽ ደቂቃ ይጠብቃል። ነገር ግን ከዚህ በፊት በመናኛ መፍቻ ተሞክሮ ውስጡ ተበልቶ ክብ ከሆነ አይጠብቅም፤ አይፈታምም። ስለዚህ መጥፎ መፍቻ ከራሱ ዋጋ አልፎ ብሎኑን፣ አንዳንድ ጊዜም ብሎኑ የገባበትን ውድ ክፍል ያስከፍላል።

ዛሬ የምንነጋገርበት መፍቻ መካኒኮች «አለን» ብለው የሚጠሩት፣ ጎባጣና ባለ ስድስት ማዕዘን የሆነው ዘንግ ነው። በድሮው ብስክሌት ላይ ብሎኑ ራሱ ከውጭ ባለ ስድስት ማዕዘን ስለ ነበረ በተራ መፍቻ ከውጭ ይዞ ማዞር ይበቃ ነበር። በአዲሶቹ ላይ ግን የብሎኑ ራስ ክብ ሆኖ ማዕዘኑ ወደ ውስጥ ተቆፍሯል፤ መፍቻውም ወደ ጉድጓዱ ይገባል እንጂ ከውጭ አይይዝም። በፒንሳ ለመፍታት የሚደረገው ትግል የብሎኑን ራስ ከመቧጠጥ በቀር ምንም አይፈይድም።

ይህ ዓይነቱ ብሎን የተስፋፋበት ምክንያት ሠራተኛን የሚመለከት ስለ ሆነ ባጭሩ ብናነሣው መልካም ነው። በቀደሙት ፋብሪካዎች መዘውሮችን ከዘንግ ጋር የሚይዙት ብሎኖች ራሳቸው ወደ ውጭ ያገጠጠ ነበር። ዘንጉ ሲሽከረከር ያገጠጠው ራስ የሠራተኛውን ልብስ እየያዘ ይጎትትና ለከባድ አደጋ ይዳርግ ነበር። በአሜሪካ በኮኔቲከት ግዛት በሃርትፎርድ ከተማ ዊልያም አለን የተባለ ሰው እ.ኤ.አ. በ1910 የባለቤትነት መብት ያገኘበት ብሎን ራሱ ወደ ውስጥ የተሠወረ ስለ ነበር «የደኅንነት ብሎን» ተብሎ ተሸጠ። መፍቻው እስከ ዛሬ በስሙ ይጠራል። ጀርመኖች «ኢንቡስ» ይሉታል፤ ጣልያኖች ደግሞ በአገራቸው ባመረተው ሰው ስም «ብሩጎላ» ይሉታል። ካቻቢቴ፣ ፒንሳና ዳዶ የሚሉትን ቃላት ከጣልያኖች የወሰዱት ጋራዦቻችን ይህን መፍቻ በእንግሊዝኛው ስም መጥራታቸው የሚያስገርም ነው።

አሁን ወደ ግዢው እንመለስ። ሻጩ መጀመሪያ የሚያወጣው አሥር ወይም ዐሥራ ሁለት መፍቻ የተደረደረበትን የሚያብረቀርቅ ፓኮ ነው። ብዛቱ አያታልለን። ለቤተሰብ ብስክሌት አብዛኛውን ሥራ የሚሠሩት ሦስት መጠኖች ናቸው፤ እነርሱም 4፣ 5 እና 6 ሚሊ ሜትር ናቸው። የመሪው ብሎኖች ብዙውን ጊዜ በ4 ወይም በ5፣ የኮርቻው ማሠሪያ በ4፣ በ5 ወይም በ6፣ ፍሬኑን ከሹካው ጋር የሚይዘው ብሎን በ5 ይፈታሉ። 2፣ 2.5 እና 3 ሚሊ ሜትር ለጥቃቅን ማስተካከያ ያገለግላሉ። 8 ሚሊ ሜትር ለፔዳሉ ክንድ ብሎን፣ በአንዳንዱም ብስክሌት ለፔዳሉ ለራሱ ይፈለጋል። ከዚህ በላይ ያለው የጠጋኝ እንጂ የቤት ዕቃ አይደለም። በእኔ ግምት ገንዘብ ያጠራት እናት ዐሥራ ሁለት መናኛ ከምትገዛ 4፣ 5 እና 6ን ብቻ ከጥሩ ብረት የተሠሩትን ብትገዛ ይሻላታል። ከመግዛትም በፊት ብስክሌቱን ወደ ሱቁ ይዞ መሄድ፣ ካልሆነም ብሎኖቹን አይቶ መሄድ ይጠቅማል፤ ምክንያቱም በአንዳንዱ አዲስ ብስክሌት ላይ፣ በተለይ ባለ ዲስክ ፍሬን በሆነው፣ ስድስት ጫፍ ያለው ኮከብ የሚመስል ጉድጓድ ይገኛል። ያ ቶርክስ የሚባል ሌላ ዓይነት ነው፤ አለንን በግድ ከትቶ መሞከር ብሎኑን ማበላሸት ነው።

ከሁሉ በላይ መጠንቀቅ የሚገባው በኢንች የተለካውን መፍቻ በሚሊ ሜትር ከተለካው ጋር ከመቀላቀል ነው። ገበያችን ላይ ሁለቱም በአንድ ሣጥን ተደባልቀው ይገኛሉ፤ በዓይንም አይለዩም። ለምሳሌ ሦስት ዐሥራ ስድስተኛ ኢንች የሚባለው መፍቻ ልኩ 4.76 ሚሊ ሜትር ነው። በ5 ሚሊ ሜትር ጉድጓድ ውስጥ ያለ ችግር ይገባል፤ ሲገባም የሚስማማ ይመስላል። ነገር ግን ወደ ሩብ ሚሊ ሜትር የሚጠጋ ክፍተት አለ። በኃይል ሲዞር መላው ጎኑ መግፋቱን ትቶ ስድስቱ ጠርዞቹ ብቻ ስለሚገፉ የጉድጓዱ ማዕዘኖች ይሸረፋሉ። በመፍቻው ላይ ቁጥሩ በግልጽ ተቀርጾ ካልተገኘ፣ ወይም እንደ ክፍልፋይ ሆኖ ከተጻፈ መተው ነው።

የብረቱ ጥራት እንዴት ይታወቃል? በጥሩ መፍቻ ላይ ብዙውን ጊዜ የብረቱ ዓይነት ይጻፋል። «ክሮም ቫናዲየም» የሚለው የተለመደው ጠንካራ ብረት ነው፤ «ኤስ 2» የሚለው ደግሞ ይበልጥ ጠንካራ ሆኖ የሚነጠር የመሣሪያ ብረት ነው። ጽሑፉ ብቻውን ግን ምስክር አይሆንም፤ መቅረጽ ለማንም ቀላል ነውና። ማግኔት ሳበው ማለትም ምንም አያስረዳም፤ መናኛውንም ይስበዋል። ይልቅ ጫፉን ወደ ብርሃን አዙሮ ማየት ይበጃል። የጥሩው ጫፍ ቀጥ ብሎ የተቆረጠ፣ ስድስቱም ማዕዘኖቹ የሾሉና እኩል የሆኑ ነው። የመናኛው ጫፍ ተቆንጥሮ የተበጠሰ ሽቦ ይመስላል፤ በጥፍር ሲዳስሱት ትርፍ ብረት ይቧጥጣል። ወፍራም የሚያብረቀርቅ ቅብም የመልካምነት ምልክት አይደለም፤ ቅቡ ሲላጥ ልኩ ይለወጣል፤ ፍርፋሪውም በብሎኑ ውስጥ ይቀራል። ጥቁር ወይም ደብዘዝ ያለ መልክ ያለው ብዙ ጊዜ የተሻለ ሆኖ ይገኛል። ሻጩ ከፈቀደ ሞረድ በጎኑ ላይ በቀስታ ማስኬድ ይቻላል፤ ሞረዱ እንደ ለስላሳ ሚስማር በቀላሉ የሚነክሰው ከሆነ ያ መፍቻ ከመጀመሪያው ጠንካራ ብሎን ጋር ሲገናኝ ይጠመዘዛል። እጅግ ደረቅ የሆነም ደግሞ ሳይጠመዘዝ ይሰበራል፤ ሲሰበርም እጅን ያቆስላል። የሚፈለገው በትንሹ ተለምጦ የሚመለስ ነው።

ስለ ስም ከተነሣ የአሜሪካኖቹ ቦንደስና ፓርክ ቱል፣ የጀርመኑ ዌራ፣ የስዊሱ ፒቢ ስዊስ፣ የጣልያኑ ቤታ የታወቁ ናቸው፤ ዋጋቸውም እንደ ስማቸው ነው። ስማቸው የተቀዳበት ዕቃ ሊኖር ስለሚችል በስሙ ብቻ ከመርካት ጫፉን ማየቱን አንተው። ምናለሽ ተራ ውስጥ አሮጌ ግን ጫፉ ያልተበላ ጥሩ መፍቻ መፈለግም አያሳፍርም፤ ጠንካራ ብረት በዕድሜ አይለሰልስም።

ቅርጹን በተመለከተ እንደ ሰንጢ የሚታጠፈው ለመንገድ ይመቻል፤ እጀታው ግን ወፍራም ስለ ሆነ ጠባብ ቦታ አይገባም። ለቤት የሚሻለው አንዱ ክንዱ ረጅም፣ ሌላው አጭር የሆነው ጎባጣው ነው። አጭሩን ክንድ ወደ ብሎኑ አስገብቶ ረጅሙን መያዝ ለሴት እጅም በቂ ጉልበት ይሰጣል። «ይህ የወንድ ጉልበት ይጠይቃል» የሚባለው ብዙውን ጊዜ የመፍቻው ክንድ ስላጠረ ነው። የአንዳንዱ ረጅም ክንድ ጫፍ እንደ ኳስ የከበበ ሆኖ ይሠራል፤ ይህም በጎን ዘመም አድርጎ ብሎን በፍጥነት ለማዞር ይረዳል። ነገር ግን የኳሱ አንገት ቀጭን ነው። ጠንካራ ብሎን ለመፍታት የመጀመሪያው፣ ለማጥበቅም የመጨረሻው ኃይል መደረግ ያለበት በደፍጣጣው ጫፍ ነው።

ከተሰበሰበ አልጋና ጠረጴዛ ጋር በነጻ የሚመጣው ትንሽ መፍቻም በየቤቱ መሳቢያ አይጠፋም። ለዕቃው አንድ ጊዜ መገጣጠሚያ ተብሎ የተሠራ ስለ ሆነ ለልጅ ፍሬን አይታመንም። በተቃራኒው ለብስክሌቱ የተገዛው ጥሩ 4 እና 5 ሚሊ ሜትር የሕፃኑን አልጋ ብሎን በሚገባ ያጠብቃል፤ ስለዚህ ወጪው ለአንድ ዕቃ ብቻ አይሆንም።

በሥራ ላይ ሲውል መጀመሪያ በብሎኑ ጉድጓድ ውስጥ ያለውን ጭቃ በሚስማር ጫፍና በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ ማውጣት ያስፈልጋል። ጭቃ ካለ መፍቻው እስከ መጨረሻው አይገባም፤ በከፊል የገባ መፍቻ ደግሞ ጠርዝ ይበላል። የዛገ ብሎን ከሆነ ጥቂት ዘይት ጠብ አድርጎ ማሳደር ከጉልበት ይበልጣል። ሲመለስም በጥርሱ ላይ ትንሽ ግሪስ መቀባት ለሚቀጥለው ጊዜ ያግዛል። የግራው ፔዳል ጥርስ የተገላቢጦሽ ስለ ሆነ የሚፈታው እንደ ሰዓት ቆጣሪ አዟዟር መሆኑን ማስታወስ ይገባል፤ ይህን የማያውቅ ሰው ሊፈታ ሲል ያጠብቀዋል።

ማጥበቅም ልክ አለው። በብዙ ብስክሌቶች የመሪ ማሠሪያ ላይ «5 ኒውተን ሜትር» የሚል ወይም ለዚያ የቀረበ ቁጥር ተጽፎ ይገኛል። ይህ ማለት ከብሎኑ 10 ሳንቲ ሜትር ርቆ በመፍቻው ክንድ ላይ 5 ኪሎ የሚያህል ዕቃ እንደ ማንጠልጠል ነው። የአምስት ኪሎ ጤፍ ክብደት የምታውቅ እጅ ይህን ለመገመት አትቸገርም። ከዚያ በላይ በሰውነት ተንጠልጥሎ መግፋት የብሎኑን ጥርስ ይፈጃል። ሁለት ወይም አራት ብሎን ያለበት ማሠሪያም አንዱን ጨርሶ ወደ ሌላው ከመሄድ ተራ በተራ ጥቂት ጥቂት እያሉ ማጥበቅ ይሻላል። ከዚያም የፊት ጎማውን በጉልበት መካከል ይዞ መሪውን ግራና ቀኝ መግፋት ነው። ካልተንቀሳቀሰ ልጁ ሊሄድ ይችላል። ልጁ ሲያድግ ኮርቻውን ከፍ ማድረጉ የማይቀር ስለ ሆነ በኮርቻው ዘንግ ላይ የተቀረጸውን የመጨረሻ ከፍታ ምልክት አይቶ ምልክቱ ከቱቦው ውስጥ እንዳይወጣ ማድረግ ያስፈልጋል፤ ምልክቱ ከታየ ዘንጉ ለልጁ አጥሯል።

ጥሩ መፍቻም ቢሆን ከዓመታት በኋላ ጫፉ መክበቡ አይቀርም። ያን ጊዜ አይጣልም። ሁለት ወይም ሦስት ሚሊ ሜትር ያህል ከጫፉ በመሳያ ድንጋይ ቢቆረጥ ከሥሩ ያልተነካው ማዕዘን እንደ አዲስ ይወጣል። መሳያው በሞተር የሚዞር ከሆነ በየጥቂት ሰከንዱ ውኃ ውስጥ መንከር ያስፈልጋል፤ ብረቱ ግሎ ሰማያዊ ከሆነ ጥንካሬው ጠፍቷል። ይህን ሠፈር ያለ ቢላዋ ሳይ በደቂቃ ይሠራዋል። የኳሱን ጫፍ ግን እንዲህ ማደስ አይቻልም። ከሥራ በኋላ በደረቅ ጨርቅ ጠርጎ፣ በክረምት ደግሞ ዘይት በነካው ጨርቅ ጠቅልሎ በአንድ ከረጢት ማስቀመጥ ነው። ትንንሾቹ 2 እና 2.5 ሚሊ ሜትር በተለይ ከሕፃናት እጅ መራቅ አለባቸው፤ ለኤሌክትሪክ ሶኬት ቀዳዳ ልክ ናቸውና።