ለቤት የሚሆን ሂት ፓምፕ ስለ መምረጥና ስለ መግዛት

በአዲስ አበባና በሌሎች ደጋ ከተሞች ብዙ ቤተ ሰቦች ውሃ የሚያሞቁት ቦይለር በሚባለው የኤሌክትሪክ ማሞቂያ ነው። ከቦይለር ጋር የሚወዳደር ሂት ፓምፕ የተባለ መኪና በዓለም ገበያ እየተስፋፋ ስለ ሆነ፣ ገዥም አስመጪም ጠባዩን አስቀድመው ቢያውቁት ይጠቀማሉ።

የመኪናው አሳብ የቆየ ነው። በስዊስ አገር የዙሪክ ከተማ ምክር ቤት ሕንፃ ከሊማት ወንዝ ሙቀት በሚስብ ሂት ፓምፕ መሞቅ የጀመረው በአውሮፓ አቆጣጠር በ1938 ዓ.ም. ነው። አሠራሩ እንደ ፍሪጅ ነው፤ ፍሪጅ ከውስጡ ሙቀትን ወስዶ በጀርባው እንደሚያወጣ ሁሉ፣ ይህም መኪና ከውጭው አየር ሙቀትን ሰብስቦ ለውሃው ያስረክባል። ኤሌክትሪኩ የሚያገለግለው ሙቀቱን ለማሻገር ስለ ሆነ፣ በ1 ኪሎዋት ሰዓት ኃይል 3 ኪሎዋት ሰዓት ያህል ሙቀት ሊገኝ ይችላል።

ጥቅሙን በስሌት እንመልከት። 150 ሊትር ውሃ ከ15 ወደ 55 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ለማድረስ 7 ኪሎዋት ሰዓት ያህል ሙቀት ያስፈልጋል። ቦይለሩ ይህን ሁሉ ከቆጣሪው ይወስዳል፤ ሂት ፓምፑ ግን 2.3 ያህል ይበቃዋል። ይህን ያህል ውሃ በየቀኑ የሚያሞቅ ቤት በዓመት 1,700 ኪሎዋት ሰዓት ያህል ያድናል። ገዥው ይህን በሚከፍለው ታሪፍ አባዝቶ፣ የሁለቱን ዕቃዎች የዋጋ ልዩነት በውጤቱ ቢያካፍል፣ ገንዘቡ በስንት ዓመት እንደሚመለስ ያውቃል። ጥቂት ውሃ ብቻ ለሚያሞቅ ቤት ግን ትርፉ አነስተኛ ነው፤ ጣራው ፀሐይ የሚያገኝ ሰውም የፀሐይ ማሞቂያን ዋጋ አስቀድሞ ያመዛዝን።

ለመግዛት የቈረጠ ሰው የሚከተሉትን ይመርምር።

አንደኛ፣ መኪናው በ220 ቮልትና በ50 ኸርዝ የሚሠራ መሆኑን በሰሌዳው ላይ ያንብብ።

ሁለተኛ፣ ስለ ከፍታ ይጠይቅ። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር ያህል ከፍታ ስላላት አየሯ ስስ ነው፤ ማራገቢያው የሚያገኘው ሙቀትም በዚያው መጠን ያንሳል። በጽሑፉ የተመለከተው ኃይል በቆላ አየር የተለካ ሊሆን ስለሚችል፣ የፋብሪካውን የከፍታ ወሰን በጽሑፍ ማግኘት ይገባል።

ሦስተኛ፣ በውስጡ ያለው ጋዝ ዓይነት ይታወቅ። ጋዙን የሚሞላ ባለሙያና መለዋወጫ በከተማው ከሌለ፣ ርካሹ ዕቃ ውድ ይሆናል። ፕሮፔን የሚጠቀመው ተቀጣጣይ ስለ ሆነ አተካከሉ ልዩ ጥንቃቄ ይሻል።

አራተኛ፣ ቦታው ይታሰብበት። መኪናው ድምፅ አለው፤ ቀዝቃዛ አየርና ውሃም ያወጣል። ስለዚህ ከመኝታ ክፍል ርቆ፣ አየር በሚዘዋወርበትና የውሃ መውረጃ ባለበት ስፍራ ይተከል።

አምስተኛ፣ መብራት ጠፍቶ ሲመለስ ኮምፕሬሰሩ ወዲያው እንዳይነሣ የሚያዘገይ መከላከያ ይኑረው።

አስመጪዎችም ዋስትናውን፣ መለዋወጫውንና የሠለጠነ ሠራተኛውን ከዕቃው ጋር አብረው ሊያቀርቡ ይገባል። አንድ ቤተ ሰብ ብዙ ዘመን ያጠራቀመውን ገንዘብ አውጥቶ የገዛው መኪና በዓመቱ ቆሞ ቢቀር፣ የሚጐዳው ገዥው ብቻ አይደለም፤ የሻጩ ስምና የዕቃው ገበያ ጭምር ነው።