አስቂኝ ፊልም ለቀልብ ይጠቅማልን?



ጀማዓችን ውስጥ "ኢማን የሚያነቃቃ ፊልም ጥቀሱ" ቢባል የሚነሱት ሁሌም አንድ ዓይነት ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1976 የወጣው የሙስጠፋ አል-ዐቃድ "አር-ሪሳላ" ይቀድማል፤ ከዚያ በ2012 በረመዷን የታየው "ዑመር" ተከታታይ ድራማ ይከተላል። ቢላል በድንጋይ ሥር ሲሰቃይ አይቶ ያላለቀሰ ማን አለ? የሚያስቅ ፊልም የሚጠራ ግን የለም። ደፍሮ የጠራ ቢኖር "አስተግፊሩላህ በል" ይባላል፣ ትንሽ ይሳቅና ወደ ሌላ ወሬ ይታለፋል።

ይህ የእኛ ብቻ ጠባይ አይደለም። ሲኒማ መቶ ዓመት ሲሞላው፣ እ.ኤ.አ. በ1995፣ ቫቲካን 45 ፊልሞችን መርጣ በሃይማኖት፣ በምግባርና በኪነ ጥበብ ከፍላ ነበር። የቻርሊ ቻፕሊን "ሞደርን ታይምስ" ዝርዝሩ ውስጥ ገብቷል፤ የተቀመጠው ግን በኪነ ጥበቡ ክፍል ነው። በሃይማኖቱ ክፍል የሚበዛው የመከራና የመሥዋዕትነት ታሪክ ነው። እንባ የመንፈስ፣ ሳቅ የጨዋታ ተደርጎ የተደለደለ ይመስላል።

እኛ በዚህ ድልድል አንስማማም። ለምን እንደማንስማማ በአንድ ፊልም እናስረዳ።

ፊልሙ "ማርሙላክ" ይባላል፤ በፋርስኛ "እንሽላሊት" ማለት ነው። ከማል ተብሪዚ የተባለ ዳይሬክተር እ.ኤ.አ. በ2004 ኢራን ውስጥ የሠራው ነው። ዋናው ገጸ ባሕርይ ሬዛ ግድግዳ ላይ እንደ እንሽላሊት የሚወጣ ሌባ ነው፤ ቅጽል ስሙም ከዚያ የመጣ ነው። እስር ቤት ይገባል። የእስር ቤቱ ኃላፊ ደግሞ ሰውን በግድም ቢሆን ጀነት አስገባለሁ ብሎ የተነሳ ኮስታራ ሰው ነው። ሬዛ ቆስሎ ሆስፒታል ሲተኛ አንድ የዲን ሰው አብሮት ይተኛል። ይህ ሰው አይገሥጸውም፣ አይሰብከውም፤ እንደ ሰው ያወራዋል እንጂ። ሌባው የእሱን ካባና ጥምጣም ለብሶ ያመልጣል።

ሳቁ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። ከአገር ሊወጣ ወደ ድንበር ከተማ ሲደርስ፣ የከተማው ሰዎች ሲጠብቁት የነበረው አዲሱ ኢማም መስሏቸው ተቀብለው መስጂዳቸውን ያስረክቡታል። ሰላት እንኳ በቅጡ የማያውቅ ሰው ኢማም ሆነ! በሌሊት ሐሰተኛ ፓስፖርት የሚሠራለት ሰው ፍለጋ በድሆች ሰፈር ሲንከራተት ያዩት "ሶደቃ በድብቅ የሚሰጥ ወልይ ነው" ይሉታል። ያለ ምንም ትርጉም የተናገረው ሁሉ ምሥጢር ያለው ይመስላቸዋል። (እኛ ተማሪዎች ይህን ስናይ ትንሽ መሸማቀቃችን አልቀረም፤ ለአንዳንድ ሰው እንዲሁ ጭፍን አድናቂ ሆነን እናውቃለን።)

ግን ባዶ የነበረው መስጂድ ይሞላል። ሬዛ እንደ ሊቅ ስለማያወራ፣ ኃጢአተኛ መሆኑንም ስለሚያውቅ፣ የሚናገረው ለእንደ እሱ ዓይነቱ ሰው ነው፦ ወደ አላህ የሚመለስበት መንገድ የሌለው ማንም የለም፣ እስረኛም ቢሆን። ፊልሙ ወደ አላህ የሚወስዱት መንገዶች በሰዎች ቁጥር ልክ ናቸው የሚል አባባል ይደጋግማል። ይህ አባባል በልቅ ከተተረጎመ ወደ ስህተት ይወስዳል፤ ነገር ግን ሱረቱ አዝ-ዙመር ቁጥር 53 በራሳቸው ላይ ወሰን ያለፉትን ከአላህ እዝነት ተስፋ እንዳይቆርጡ ሲጠራ ያለውን ስፋት ላስታወሰ ሰው፣ ሌባው ምን ሊል እንደፈለገ ይገባዋል። ሰውየውም በሐሰት የለበሰው ካባ ቀስ በቀስ ወደ ውስጡ ይገባል።

በኢራን ሕዝቡ በብዛት ሄዶ አየው፤ ከጥቂት ሳምንታት በኋላም ከሲኒማ ቤቶች ወረደ። የዲን ሰዎችን ያዋርዳል ተብሎ ነበር። እኛ ግን ደጋግመን ብናየውም ሳቁ በዲኑ ላይ ሲያርፍ አላገኘነውም። የሚያርፈው በአስመሳይነት፣ በጭፍን አድናቂነትና በግዳጅ ላይ ነው። በፊልሙ ውስጥ ከሁሉም የተከበረው ያ የሆስፒታሉ የዲን ሰው አይደለምን?

ታዲያ ይህ ነገር በለቅሶ ሊነገር አይችልም ነበር? እኛ አይመስለንም። ስለ ሪያእ በኹጥባ ሲነገረን አብዛኞቻችን የምናስበው ሌላ ሰውን ነው። ስንስቅ ግን ጥበቃችን ይላላል፤ ስቀን ሳንጨርስ የሳቅንበት ሰው እኛው ሆነን እንገኛለን።

በዲናችንም ሳቅ ባዕድ አይደለም። ሱረቱ አን-ናጅም ቁጥር 43 ማሳቅንም ማስለቀስንም ለአላህ (ሱ.ወ) ያደርጋል። ሱለይማን (ዐ.ሰ) የጉንዳኗን ንግግር ሰምተው ፈገግ ብለው ሳቁ፣ ወዲያውም ያን ሳቅ ወደ ሹክርና ወደ ዱዓ ቀየሩት (ሱረቱ አን-ነምል 18-19)። አቡ ዳውድና ቲርሚዚ በዘገቡት ሐዲስ አንድ ሰው የሚጋልበው እንስሳ ሲጠይቅ ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) የግመል ልጅ እንደሚሰጡት ነገሩት። ሰውየው በግመል ልጅ ምን ላደርግ ብሎ ግራ ሲገባው፣ ግመልን ከግመል ሌላ ማን ይወልደዋል አሉት። ቀልዱ ውስጥ ውሸት የለም፤ ሰውየው ያላስተዋለው እውነት ነው ያለው።

ድንበሩም ከዚሁ ይወጣል። ሰዎችን ለማሳቅ የሚዋሽን ሰው የሚያስጠነቅቅ ሐዲስ አለ፤ ሱረቱ አል-ሑጁራት ቁጥር 11 ሰዎች በሰዎች ላይ እንዳያላግጡ ይከለክላል፤ በአላህ አንቀጾች መቀለድማ የኩፍር ጉዳይ ነው። በዘር፣ በአካል ጉዳት ወይም በገጠር አነጋገር ላይ የሚሳለቅ ፊልም ቢያስቅም ከዚህ ድንበር ውጭ ነው፤ ሞባይላችን ላይ ከምናያቸው አጫጭር ቪዲዮዎች ብዙዎቹ እዚህ ይወድቃሉ። የልብ ወለድ ፊልም ብይን ምንድን ነው የሚለውን ዑለማዎችን መጠየቅ ይሻላል፤ ፈትዋ መስጠት የእኛ ሥራ አይደለም። ወላሁ አዕለም።

ባለፈው ሴሚስተር ፊልሙን ጥቂት ሆነን በአንድ ላፕቶፕ ዙሪያ ተኮልኩለን አይተነው ነበር። ለሱብሒ ሰላት በየዶርሙ በር እየደበደበ የሚቀሰቅሰን ወንድማችን ከእኛ ጋር ነበር። በእስር ቤቱ ኃላፊ ላይ ከሁላችንም በላይ የሳቀው እሱ ነው። ግማሽ ላይ ሲደርስ ዝም አለ። ፊልሙ ሲያልቅ "ያ ሰውዬ እኔ ነኝ እኮ" አለን። ከሱ ጋር ተጋጭቶ ከመስጂድ የቀረ አንድ የዶርም ልጅ ነበር። በማግስቱ በሩን ቀስ ብሎ አንኳኳ፤ ቁርስ አብረን እንብላ ሊለው።