ለተሰበረ ቁጥር ወጌሻ

በዱርቤቴ ዙሪያ፣ በደቡብ አቸፈር ገጠር፣ ሁለት ጎረቤታሞች አንድ የዳጉሳ ማሳ በወንፈል ሊያጭዱ ተስማሙ እንበል። አብረው ሲያጭዱ በ6 ቀን ይጨርሳሉ። ለየብቻ ቢሆን ግን አንዱ ከሌላው 5 ቀን ይዘገያል። ፈጣኑ ብቻውን በስንት ቀን ይጨርሰው ነበር?

ቀኖቹን መደመር አያዋጣም። ሰው ሲተባበር የሚደመረው የቀን ሥራው ነው። ማሳውን በ10 ቀን የሚጨርስ ሰው በአንድ ቀን የሚያጭደው አንድ አሥረኛውን ነው። በስንት ቀን እንደሚጨርስ ካላወቅን ቀኑን «ቀ» እንበለው፤ የቀን ሥራው 1/ቀ ይሆናል። ያልታወቀው ቁጥር ከክፍልፋዩ ሥር የሚገባው እንዲህ ነው። ተማሪን ለማስጨነቅ የተፈጠረ ነገር አይደለም፤ ሥራው ራሱ ያመጣዋል።

1/ቀ + 1/(ቀ + 5) = 1/6

በአማርኛ የክፍልፋይን ላይኛ ቁጥር ላዕል፣ የታችኛውን ታህት እንላለን። ሁለቱም ግእዝ ናቸው፤ «ላይ» እና «ታች» ማለት ነው። በላይኛዎቹ ክፍሎች ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ስለሚሆን ብዙ ልጆች እነዚህን ቃላት ጥለዋቸው ይሄዳሉ። ያሳዝነኛል፤ ቦታቸውን በስማቸው የሚናገሩ ቃላት ናቸውና።

መፍትሔው ታህቶቹን ማጥፋት ነው። ሦስቱም ያለ ቀሪ የሚያካፍሉት 6 × ቀ × (ቀ + 5) ነው። በእሱ እያንዳንዱን ቁራጭ እናባዛ፦

6(ቀ + 5) + 6ቀ = ቀ(ቀ + 5)

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳተው አንዱን ቁራጭ ሳያባዛ በመዝለል ነው፤ በተለይ ክፍልፋይ ያልሆነ ሙሉ ቁጥር ካለ ይረሳል። በወንፈል ግን ተራው የማይደርሰው ቤት የለም፤ ብዜቱም እንዲሁ ሁሉም ጋ መድረስ አለበት። ስናሰባስበው ቀ² − 7ቀ − 30 = 0፣ ማለትም (ቀ − 10)(ቀ + 3) = 0 ይሆናል። ስለዚህ ቀ ወይ 10 ነው ወይ −3። ከዜሮ በታች በሆነ ቀን የሚታጨድ ማሳ ስለሌለ −3ን እንተወዋለን። ፈጣኑ በ10፣ ሌላው በ15 ቀን ይጨርሳሉ። አንድ አሥረኛና አንድ አሥራ አምስተኛ ሲደመሩ በትክክል አንድ ስድስተኛ ይሆናሉ።

ክፍልፋይን ከመንገድ የማንሳት ሐሳብ ጥንታዊ ነው። ከግሽ ዓባይ የሚነሳው ውኃ በሚደርስበት በግብፅ፣ አህመስ የተባለ ጸሐፊ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ1550 ገደማ በፓፒረስ ላይ እንዲህ ያለ ጥያቄ ጽፏል፦ አንድ ብዛትና ሰባተኛው ተደምረው 19 ቢሆኑ ብዛቱ ስንት ነው? አህመስ መጀመሪያ «7 ነው» ብሎ ገመተ፤ ሰባተኛው 1 ስለሚሆን ክፍልፋዩ ከመንገዱ ይነሳለታል። 7 እና 1 ስምንት ናቸው። ከዚያ 8ን ወደ 19 የሚያደርሰውን ብዜት ፈልጎ 7ን በዚያው አበዛ። መልሱ 16 ከግማሽ ከአንድ ስምንተኛ ነው።

«አልጀብራ» የሚለው ቃል የመጣው በ820 ገደማ በባግዳድ ከተጻፈው የሒሳብ ሊቁ የአል ኸዋሪዝሚ መጽሐፍ ነው። እሱ «አል ጀብር» ያለው በአንድ ወገን የተቀነሰውን በሁለቱም ወገን ደምሮ መመለስን ነው። ቃሉ ግን የተሰበረ አጥንትን መጠገንም ማለት ነው፤ በድሮው ስፔን ወጌሻ «አልጀብሪስታ» ይባል ነበር። በዐረብኛ ክፍልፋይ «ከስር» ነው፣ ስብራት። ክፍልፋይ ያለበት እኩልዮሽ እንግዲህ የወጌሻ ሥራ ነው።

ወጌሻም ታዲያ ከማሸቱ በፊት ይዳስሳል። ይህን ተመልከቱ፦

ቀ/(ቀ − 3) = 3/(ቀ − 3) + 2

ሁሉንም በ(ቀ − 3) ብናባዛ ቀ = 3 + 2(ቀ − 3) ይሆናል፤ ከዚህ ቀ = 3 ይወጣል። ሥራው ላይ አንድም ስህተት የለም። ነገር ግን 3ን ወደ መጀመሪያው ብንመልሰው ታህቱ ዜሮ ይሆናል፤ በዜሮ ደግሞ አይካፈልም። 3 ከየት መጣ? ቀ 3 ከሆነ ያባዛነው በዜሮ ነበር። ዜሮ ደግሞ 5ንም 8ንም እኩል ያደርጋል፤ የማይተካከሉትን አተካክሎ ሐሰተኛ መልስ ይወልዳል። የመጀመሪያውን እኩልዮሽ ብንመረምረው፣ 3/(ቀ − 3)ን ወደ ግራ ስናመጣ (ቀ − 3)/(ቀ − 3) = 2፣ ማለትም 1 = 2 ሆኖ እናገኘዋለን። ከመጀመሪያውም መልስ አልነበረውም።

ስለዚህ ከማባዛት በፊት ታህቱን ዜሮ የሚያደርጉትን ቁጥሮች በደብተሩ ጠርዝ ላይ መጻፍ ያስፈልጋል። በወንፈሉ ጥያቄ የተከለከሉት 0 እና −5 ነበሩ፤ 10 ከነሱ መሐል የለም።