በክረምት ዕረፍት የልጅ ፊደል እንዳይጠፋ

በገዳሪፍ አገር ክረምት ሲገባ ሥራ ሁሉ መልኩን ይለውጣል። ሜዳው ዋልካ መሬት ስለ ሆነ ዝናቡን ሲጠግብ ያብጣል፤ ጭቃውም የሰውንም የመኪናንም እግር ይይዛል፤ ከአስፋልቱ ወጣ ያለው መንገድ ይቆረጣል። ነጋዴው ይህን አስቀድሞ ስለሚያውቅ ሰሊጡንና ማሽላውን እርጥበት እንዳይነካው ከመሬት ከፍ አድርጎ ይደረድራል፤ በየጊዜውም ወደ መጋዘኑ እየገባ ጆንያውን ይዳስሳል። በዚሁ ወራት ግን በዓመት ሙሉ ድካም የተከማቸ ሌላ ሀብት አለ፤ እርሱን ገብቶ የሚዳስስ ሰው እምብዛም አይገኝም። ይኸውም ማንበብ የጀመረ፣ ነገር ግን ገና የሚንተባተብ ልጅ የያዘው ፊደል ነው።

ከገዳሪፍ ከተማ እስከ ገላባትና መተማ ወሰን ድረስ 150 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። በመተማ በኩል ባሉት የኢትዮጵያ ትምህርት ቤቶች ልጆች በሰኔ መጨረሻ ገደማ ይሰናበታሉ፤ በመስከረም ይመለሳሉ። በሱዳን በኩል ያለው ነገር ከዚህ የከበደ ነው። በ1977 ዓ.ም. በረኃቡ ዘመን የስደተኞች ሰፈር የነበረው ኡም ራኩባ በኅዳር 2013 ዓ.ም. እንደ ገና ተከፈተ፤ ጥቂት ቆይቶም የቱናይድባህ ሰፈር ተጨመረ። በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. የሱዳን ጦርነት በተነሣ ጊዜ ደግሞ ገዳሪፍ የብዙ ተፈናቃዮች መጠጊያ ሆነች፤ ከትምህርት ቤቶችዋም ብዙዎቹ ወደ መጠለያነት ተለወጡ። የተባበሩት መንግሥታት የሕፃናት ድርጅት በ2016 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ በመላው ሱዳን 19 ሚሊዮን ልጆች ከትምህርት ገበታ ውጭ መሆናቸውን አስታውቆ ነበር። እንግዲህ በወሰኑ በአንደኛው ወገን የሁለት ወር የሆነው ዕረፍት በሌላው ወገን ለብዙ ልጆች የዓመታት ሆነ ማለት ነው።

ልጅ በዕረፍት ወራት የተማረውን መርሳቱ በሌላውም ዓለም የተመረመረ ጉዳይ ነው። በአሜሪካ ሐሪስ ኩፐርና ባልደረቦቹ በ1996 እ.ኤ.አ. 39 ጥናቶችን አንድ ላይ መርምረው፣ የልጆች ዕውቀት በረዥሙ ዕረፍት በአማካይ የአንድ ወር ትምህርት ያህል ወደ ኋላ እንደሚመለስ፣ በንባብ በኩልም ጉዳቱ በድኻ ቤተ ሰብ ልጆች ላይ እንደሚብስ ጻፉ። ከዚያ ወዲህ ስለ መጠኑ የተከራከሩ ሊቃውንት አሉ። ሆኖም በ2017 እ.ኤ.አ. ስለ ማላዊ የታተመ ጥናት፣ በዚያ አገር ልጆች ከክፍል ወደ ክፍል በሚሻገሩበት ዕረፍት የንባብ ችሎታቸው እንደሚቀንስ አሳይቷል። የኢትዮጵያ ልጆች ወደ ዕረፍት የሚገቡት ምን ይዘው እንደ ሆነ ለማወቅ ደግሞ በ2010 እ.ኤ.አ. የተደረገውን የንባብ ምዘና ማስታወስ ይበቃል። በዚያ ምዘና ከ100 የሁለተኛ ክፍል ተማሪዎች 34ቱ ከቀረበላቸው ምንባብ አንዲት ቃል እንኳ ማንበብ አልቻሉም። ስንቁ ከመነሻው ትንሽ የሆነ መንገደኛ በመንገድ የሚጥለው ትርፍ የለውም።

አጥርቶ የሚያነብ ልጅ በክረምት ብዙ አይጎዳም፤ የሱቁን ማስታወቂያ፣ የመድኃኒቱን ብልቃጥ፣ ያገኘውን ጋዜጣ ሁሉ ሳያስበው ያነባልና። የሚጎዳው ፊደሉንና ድምፁን ያጣበቀበት ሙጫ ገና ያልደረቀለት ልጅ ነው። ይህ ልጅ ባያውቀው ስለሚያፍር ከጽሕፈት ይሸሻል፤ በሸሸ ቁጥርም ይረሳል።

የሚረሳውስ ምንድር ነው? የአማርኛ ፊደል 33ቱ ቤቶች በ7 ሆሄያት ሲባዙ 231 ይሆናሉ፤ ዲቃሎቹ ሲጨመሩ ቍጥሩ ከዚያ ያልፋል። ሥርዐቱ ግን ለልጅ የተመቸ ነው። ካዕቡ በወገቡ ቅጥያ፣ ሣልሱ በእግሩ ቅጥያ፣ ኃምሱ በቀለበቱ ይታወቃል፤ ቡ፣ ቢ፣ ቤ ያለ ልጅ ኑ፣ ኒ፣ ኔ ለማለት አይቸገርም። ደካማው አንባቢ የሚሰናከለው ሥርዐቱ በሚፈርስበት ቦታ ነው። ሩና ሪ፣ ፉና ፊ እንደ ሌሎቹ አይደሉም፤ ሳድሱና ሳብዑም ከቤት ቤት መልካቸውን ይለዋውጣሉ። ሰና ሸ፣ ተና ቸ፣ ነና ኘ በአንዲት ሰረዝ ብቻ ይለያያሉ። ደግሞም መጥበቅና መላላት በጽሕፈት አይታይም፤ «ገና» የሚለው ቃል በዓሉንም፣ ያልደረሰውንም ጊዜ ያመለክታል። ስለዚህ ልጁ በክረምት መጠበቅ ያለበት ሁሉም 231 ሆሄ እኩል አይደለም፤ የሚሳሳትባቸው ጥቂቶቹ ናቸው።

አባቶች ይህን ቀድመው ያውቁ ነበር። የኔታ ተማሪውን «ሀ ሁ» በዜማ ካስቈጠሩት በኋላ በዚያ አይተዉትም፤ ልጅ ዜማውን በቃሉ ይዞ ፊደሉን ሳያይ ሊዘልቅ እንደሚችል ያውቃሉና። ስለዚህም ወደ አቡጊዳ ያሸጋግሩታል። በአቡጊዳ አ ግዕዝ፣ ቡ ካዕብ፣ ጊ ሣልስ፣ ዳ ራብዕ፣ ሄ ኃምስ፣ ው ሳድስ፣ ዞ ሳብዕ ሆነው ስለሚከተሉ ዜማው አይረዳም፤ ዐይን ራሱ መለየት አለበት። ልጁም በስንጥር እየጠቈመ እያንዳንዱን ሆሄ በድምፅ ይጠራል። የዛሬ መምህራን ፊደልንና ድምፅን ማዛመድ የሚሉት ትምህርት በዚህ መሠረት ላይ የቆመ ነው።

ይህን ወደ ቤት ማምጣት ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም። በቀን ሩብ ሰዓት ይበቃል፤ በሳምንት አንድ ቀን ከሚደረግ የሁለት ሰዓት ጥናት ይልቅ ዕለት ዕለት የሚደረግ ጥቂት ጥናት ይሻላል። ቀስ በቀስ እንቍላል በእግሩ ይሄዳል። መጀመሪያ ልጁ የሚያውቃቸውን ሆሄያት ፈጥኖ ይጥራ፤ ይህ ልቡን ያጠነክረዋል። ቀጥሎ ከሚሳሳትባቸው ሦስት ወይም አራት ብቻ ተመርጠው በተዘበራረቀ ተራ ይቅረቡለት። ከዚያ በኋላ በእነዚያው ሆሄያት የተሠሩ ቃላት ያንብብ፤ በመጨረሻም የተነገረውን ቃል ራሱ ይጻፍ። ሲሳሳት ቃሉን ፈጥኖ መንገር አይገባም፤ «ይህ ሆሄ ምን ይላል?» ብሎ ወደ ፊደሉ መመለስ እንጂ። በአዲስ ትምህርት ማጨናነቅም አያስፈልግም፤ የክረምት ሥራ ጠብቆ ማቆየት ነውና።

አባትና እናት ማንበብ ባይችሉም ከዚህ ሥራ የሚከለክላቸው የለም። ታላቅ ወንድም ወይም እኅት ያርማል፤ ወላጅ ተቀምጦ ይሰማል፤ ሰዓቱንም ያስከብራል። መጽሐፍ ባይኖር የመጋዘኑ ጆንያ አለ። «ሰሊጥ» የሚለው ቃል ግዕዝ፣ ሣልስና ሳድስ በአንድ ላይ ያስተምራል፤ «ማሽላ» ሁለት ራብዕ በመካከላቸውም ሳድስ አለው፤ «ስኳር» ዲቃላ ስላለበት ቈይቶ ይመጣል።

በወሰኑ አካባቢ የሚያድግ ልጅ ሌላም ሸክም አለበት፤ ብዙ ጊዜ ሁለት ጽሕፈት ይማራልና። ዐረብኛው ከቀኝ ወደ ግራ ይነበባል፤ አጫጭር አናባቢዎቹም ለጀማሪ በምልክት ካልተጻፉ በቀር በአንባቢው ዕውቀት የሚሞሉ ናቸው፤ በአማርኛ ግን አናባቢው ከሆሄው ጋር ተዋሕዷል። ስለዚህ የሁለቱ ጥናት በተለያየ ሰዓት ቢሆን ይሻላል። በሱዳን ኸልዋ ልጆች በእንጨት ሰሌዳ ላይ ጽፈው፣ ጮኸው አንብበው፣ አጥበው እንደ ገና ይጽፋሉ፤ ይህ ልማድ ለፊደልም ጥናት የሚጠቅም ነው። በስደተኞች ሰፈር ያሉት ትግርኛ ተናጋሪ ልጆችም በዚያው ፊደል ስለሚያነቡ ከጥቂት ተጨማሪ ሆሄያት በቀር ሥራው አንድ ነው።

ጉዳዩ የቤተ ሰብ ብቻ ሆኖ የማይቀርበት ምክንያት አለ። የሰሊጥ አጨዳ የሚደርሰው ከመስከረም መጨረሻ ጀምሮ እስከ ኅዳር ገደማ፣ ልክ ትምህርት ቤት በተከፈተ ማግሥት ነው። በመስከረም ወደ ክፍል ገብቶ ፊደሉ እንደ ጠፋበት የተረዳ ልጅ በአንድ በኩል የጓደኞቹ ሣቅ፣ በሌላ በኩል የአጨዳ ደመ ወዝ ይጠብቀዋል። ወዴት እንደሚያደላ ማንም ይገምታል። ወደ እርሻው የሄደው ልጅ ነገ የሚዛኑን ወረቀት ማንበብ የማይችል ሠራተኛ፣ ደረሰኙን በሌላ ሰው ዐይን የሚያይ ቸርቻሪ ይሆናል። ጸሓፊና መዝጋቢ ፈልጎ የሚያጣው ነጋዴ፣ የተጻፈ ትእዛዝ ለሕዝብ ማድረስ የሚቸግረው ሹምም የዚህ ጉዳት ተካፋዮች ናቸው።

ከአስተዳዳሪዎች የሚፈለገው ቀላል ነው፤ መምህሩ በሰኔ ለእያንዳንዱ ደካማ አንባቢ የሚሳሳትባቸውን ሆሄያት በአንድ ቁራጭ ወረቀት ጽፎ ለወላጁ እንዲሰጥ ማዘዝና በየቀበሌው አንድ ደረቅ ክፍል በማለዳ እንዲከፈት መፍቀድ። ከነጋዴው የሚፈለገውም የፊደል ገበታ ገዝቶ በሱቁ ግድግዳ ላይ መስቀል፣ የሠራተኞቹንም ልጆች ለሩብ ሰዓት ማስቀመጥ ነው። በመስከረም መምህሩ ያንኑ ወረቀት ይዞ ልጁን ቢጠይቀው የክረምቱ ሥራ መሠራቱና አለመሠራቱ በአምስት ደቂቃ ይታወቃል፤ ለልጁም የአጨዳው ጥሪ ሳይደርስ ገና ጊዜ አለ።