በዓባይ ቁልቁለት ላይ የፍሬን ዘይት ሲፈላ

ባለፈው ዓመት ለመስክ ጥናት ወደ ጎጃም ስንጓዝ፣ ከጎሐ ጽዮን ወደ ዓባይ በረሃ የሚወርደውን ቁልቁለት አጋምሰን ሳለ፣ ሾፌራችን ሚኒባሱን ዳር አስይዘው ከጎማው ሥር ድንጋይ አስደገፉ። «ፔዳሉ ለስለስ አለብኝ» አሉ። የተቃጠለ ነገር ይሸት ነበር። ከመካከላችን አንዱ የውኃ ጀሪካን ይዞ ወደ ጎማው ሲጠጋ «ተው ልጄ! የጋለ ብረት በቀዝቃዛ ውኃ ይሰነጠቃል» ብለው መለሱት። ከግማሽ ሰዓት በላይ ቆምን። እኛም በመዘግየቱ አጉረመረምን፤ የሳይንስ ተማሪዎች ሆነን ማጉረምረማችን ዛሬ ያሳፍረናል።

ስሌቱ ቀላል ነው። ከጎሐ ጽዮን እስከ ድልድዩ መንገዱ ከ1,300 ሜትር በላይ ያሽቆለቁላል። ሦስት ቶን የሚመዝን ተሽከርካሪ 1,300 ሜትር ሲወርድ የሚለቀው እምቅ ጉልበት 38 ሚሊዮን ጁል ገደማ ነው። ይህ ጉልበት ስድስት ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ውኃ ያፈላል (አዲስ አበባ ላይ ውኃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ መሆኑን አስበን ነው)። ቁልቁለቱ ግማሽ ሰዓት ቢፈጅ ደግሞ አምስት ስድስት የኤሌክትሪክ ምጣድ አንድ ላይ ከተለኮሰ ጋር ይስተካከላል። ጥቂቱን አየሩና ጎማው ይወስዱታል። የቀረው መሄጃው ሁለት ነው፤ ወይ ሞተሩ ወይ ፍሬኑ።

በዝቅተኛ ማርሽ የሚወርድ ሾፌር ሞተሩን በጎማዎቹ ያስዞረዋል። የሞተሩ የውስጥ ሰበቃ ከጉልበቱ ብዙውን ይውጣል፤ ሙቀቱንም ራዲያተሩና የጭስ ማውጫው ያስወጡታል። ነዳጅ ለመቆጠብ ብሎ ማርሹን ዜሮ አድርጎ የሚወርድ ግን ይህን በር ዘግቶ ሸክሙን ሁሉ በፍሬን ሸራው ላይ ይጥላል። ይህን «ብልሃት» ሲያወድሱ የሰማናቸው ጥቂት አይደሉም!

አደገኛው ነገር ከዓይን የተሰወረው ነው። እግራችን ፔዳሉን ሲረግጥ ግፊቱን ወደ ጎማዎቹ የሚያደርሰው የፍሬን ዘይት ነው፤ ፈሳሽ ሲጨመቅ እምብዛም አይታመቅምና። ይሁን እንጂ በብዛት የምንጠቀምበት የፍሬን ዘይት እርጥበትን ከአየር ይስባል። ዶት 3 የሚባለው ዓይነት አዲስ ሳለ ቢያንስ እስከ 205 ዲግሪ ሳይፈላ መቆየት አለበት፤ 3.7 በመቶ ያህል ውኃ ሲቀላቀልበት ግን መስፈርቱ ወደ 140 ይወርዳል። የጋለ ፍሬን ደግሞ ይህን ሙቀት በቀላሉ ያልፋል። ፈሳሹ ከፈላ በቧንቧው ውስጥ እንፋሎት ይፈጠራል፤ እንፋሎት ደግሞ ይታመቃል፤ ፔዳሉም እስከ ወለሉ ይወርዳል። ሲቀዘቅዝ እንፋሎቱ ተመልሶ ፈሳሽ ስለሚሆን ጋራዥ የደረሰው መኪና ምንም የሌለበት መስሎ ይታያል።

ብዙ አምራቾች ይህን ዘይት በየሁለት ዓመቱ መቀየር እንደሚገባ የሚመክሩት ስለዚህ ነው። የማጠራቀሚያው መጠን ከቀነሰ ወይ ሸራው አልቋል፣ ወይ ፈሳሹ የሆነ ቦታ ያፈስሳል፤ ምክንያቱን ሳይፈልጉ መሙላት ችግሩን መሸፈን ነው። ማታ ከመኪናው ሥር ካርቶን ዘርግቶ ጠዋት ማየት ብዙ ይናገራል። ጥቁር ወይም ቡናማ ቅባት በአብዛኛው የሞተር ዘይት ነው። አረንጓዴ ወይም ሮዝ ፈሳሽ ከራዲያተሩ ይመጣል። በጎማው ውስጠኛ ጎን የሚታይ ቢጫማ፣ ሙልጭልጭ ያለ ፈሳሽ ግን የፍሬን ሊሆን ስለሚችል መኪናው ከቦታው መንቀሳቀስ የለበትም። በፍሬን ዘይት ፋንታ የሞተር ዘይት መጨመር ደግሞ ከሁሉ የከፋ ነው፤ ጎሚኒዎቹን አሳብጦ ሥርዓቱን በሙሉ ያበላሻል።

ስንመለስ ሾፌራችን ሚኒባሱን ጋራዥ አስገቡት። የወጣው ዘይት እንደ ቡና ጠቁሮ ነበር። መቼ እንደተቀየረ የሚያውቅ ሰው በባለቤቱ መሥሪያ ቤት አልተገኘም። አሁን በማጠራቀሚያው ክዳን ላይ ሾፌራችን በእጃቸው የጻፉት ቀን አለ።