ከመወልወልዎ በፊት ፍሬኑን ይፈትሹ
ለዓመታት የቆመ ብስክሌት ወደ መንገድ ሲመለስ ምን ይታያል?

ደረጃ ሥር፣ በረንዳ ጥግ ወይም ዕቃ ቤት ውስጥ አቧራ የጠጣ ብስክሌት ያለበት ቤት ጥቂት አይደለም። አንዱ ልጅ አድጎበት የቆመ ነው፤ ሌላው ባለቤቱ መኪና ስለገዛ የተረሳ። ክረምቱ አልፎ መስከረም ሲጠባ ግን «እናውጣው» የሚል ልጅ አይጠፋም። አዋቂውም የታክሲ ወጪውን ሲያሰላ ዓይኑ ወደዚያ ጥግ መሄዱ አይቀርም። በአዲስ አበባ ከኮሪደር ልማቱ ጋር የተሠሩት የብስክሌት መስመሮችም አንድ ተጨማሪ ምክንያት ናቸው።

እኔ የማርኬቲንግ ሠራተኛ ነኝ፤ ሰው አዲስ ዕቃ እንዲገዛ ማግባባት እንጀራዬ ነው። ስለ ቆመው ብስክሌት ግን የምመክርዎ ተቃራኒውን ነው፤ ለመጣል አይቸኩሉ። ዋናው ብረት ካልታጠፈና ካልተሰነጠቀ፣ በመቆም ብዛት የሚጎዱት በአብዛኛው በቀላሉ የሚቀየሩት ክፍሎች ናቸው፦ ጎማ፣ የፍሬን ላስቲክ፣ ሽቦና ግራሶ።

ችግሩ ብዙ ሰው ሥራውን የሚጀምረው ከመጨረሻው መሆኑ ነው። ብስክሌቱ ይታጠባል፣ ጎማው ይነፋል፣ ልጁም ይለቀቃል። ሲታይ አዲስ ይመስላል፤ ይቁም አይቁም ግን ማንም አላየም። ዳገትና ቁልቁለት በበዛበት ሰፈር ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ስለዚህ ቅደም ተከተሉ እንዲህ ይሁን፦ መጀመሪያ የሚያቆመው፣ ቀጥሎ የሚሸከመው፣ ከዚያ የሚያንቀሳቅሰው፣ በመጨረሻ የሚያሳምረው።

የሚያቆመው

የፍሬኑን እጀታ ጨበጥ ያድርጉ። እስከ መሪው ድረስ ከገባ ሽቦው ላልቷል። ሲለቁት ካልተመለሰ ደግሞ ሽቦው በሽፋኑ ውስጥ ዝጓል ማለት ነው። ጥቂት ጠብታ ዘይት ሊያላቅቀው ይችላል፤ ካልሆነ ወይም ጫፉ ከተበጣጠሰ ይቀየር። ቸርኬውን የሚጨብጡት ላስቲኮች ሲቆዩ ይደርቃሉ። ላያቸው ብቻ ካብረቀረቀ በብርጭቆ ወረቀት ይሹት፤ እንደ ድንጋይ ከጠነከሩ ወይም ተበልተው ካለቁ ግን አዲስ ያስገቡ። ላስቲኩ ማረፍ ያለበት ቸርኬው ላይ ነው፤ ጎማውን ከነካ ይቀደዋል።

ከዚያ በእግርዎ ቆመው የኋላውን ፍሬን ይያዙና ብስክሌቱን ወደፊት ይግፉት። የኋላው ጎማ መንሸራተት እንጂ መዞር የለበትም። የፊቱን ሲይዙ ደግሞ የኋላው ጎማ ከመሬት ብድግ ማለት አለበት። ይህን ፈተና ያላለፈ ብስክሌት ላይ ማንም አይውጣ።

የሚሸከመው

የተኛ ጎማ ሁሉ የተበሳ አይደለም። አየር በወራት ውስጥ በላስቲኩ አልፎ ቀስ በቀስ ይወጣል። ከመንፋትዎ በፊት ግን የጎማውን ጎንና ጎን ይመልከቱ። ስንጥቁ ገብቶ የውስጡ ክር ከታየ ጎማው አርጅቷልና ይቀየር። ደህና ከሆነ ይንፉትና ያሳድሩት፤ ጠዋት ተኝቶ ካገኙት ወደ ጎሚስታ ይውሰዱት።

የሚፈልገው የአየር መጠን ጎማው ጎን ላይ ተጽፏል። ወፍራም የሆነው የማውንቴን ብስክሌት ጎማ ብዙውን ጊዜ ከ30 እስከ 50 ፒኤስአይ ይበቃዋል። በመኪና ጎማ መንፊያ ማሽን የሚያስነፉ ከሆነ በትንሽ በትንሹ ይሁን፤ ትንሿ ጎማ በሰከንዶች ሞልታ ልትፈነዳ ትችላለች።

ቀጥሎ ብስክሌቱን አንሥተው ጎማዎቹን ያሽከርክሩ። ወዲያና ወዲህ የሚወላገድ፣ በእጅ ሲነቀነቅ የሚላላ ወይም አሸዋ እንደገባበት የሚንኮሻኮሽ ከሆነ ኩሽኔታውን ባለሙያ ይየው። የሁለቱም ጎማዎች ብሎን መጥበቁን ያረጋግጡ። የፊቱን ጎማ በጉልበትዎ መሐል ይዘው መሪውን ለማዞር ይሞክሩ፤ ብቻውን ከዞረ አልጠበቀም።

የሚያንቀሳቅሰው

ሰንሰለቱን በአሮጌ የጥርስ ብሩሽና ነጭ ጋዝ በነካ ጨርቅ ያጽዱ፤ ከእሳትና ከሕፃናት ርቀው፣ ደጅ ላይ። ሲደርቅ በየመገጣጠሚያው አንድ ጠብታ ቀጭን የማሽን ዘይት ያድርጉ፣ ፔዳሉን ያዙሩ፣ ትርፉን ይጥረጉ። የምግብ ዘይት አይሆንም፤ ይደርቅና ይጣበቃል። የተቃጠለ የሞተር ዘይትም ቆሻሻ ይዞ ይመጣል። ዘይት ቸርኬውን ከነካ ፍሬኑ አይዝም።

ሰንሰለቱ ማለቁን በማስመሪያ ማወቅ ይቻላል። ከአንዱ ፒን መሐል ተነሥተው 24 ክፍል ይቁጠሩ። አዲስ ሰንሰለት 30.5 ሳንቲ ሜትር ገደማ ይሆናል። ከ30.7 በላይ ከሆነ ተስቧልና ሳይዘገዩ ይቀይሩት፤ አለዚያ ጥርሶቹን ይበላል።

ለሚነዳው ሰው

ብስክሌቱ ቆሞ ሳለ ልጁ አድጓል፤ ስለዚህ የመቀመጫው ከፍታ ይስተካከል። ገና የሚለማመድ ልጅ ተቀምጦ ሁለት እግሩ መሬት ይርገጥ። ለአዋቂ ደግሞ ፔዳሉ ታች ሲሆን ተረከዝ ሲያርፍበት እግር ቀጥ ማለት አለበት። የራስ መከላከያው ስንጥቅ ካለው ወይም በአደጋ ጊዜ ክፉኛ ከተመታ፣ ደህና ቢመስልም አገልግሎቱ አብቅቷል።

አሁን ይወልውሉት። የመጀመሪያውን ጉዞ ግን ሜዳ ላይ፣ ለ10 ደቂቃ ያድርጉት፤ ሲመለሱ ብሎኖቹን በመፍቻ ዳግም ያጥብቁ።

አንድ የመጨረሻ ምክር አለኝ፦ ይህን ሁሉ ልጁ ተኝቶ ሳለ አይጨርሱት። ጨርቁን ይያዝ፣ ሰንሰለቱን ይቁጠር፣ የፍሬኑን ፈተና ራሱ ይሞክር። ከበር ሲወጣ እርስዎ አብረውት አይኖሩም፤ ፍሬኑን ጨብጦ የማየት ልማድ ግን አብሮት ይወጣል።